ለስላሳ የሞላሰስ ኩኪስ በዝንጅብልና በቀረፋ፦ ለአዲስ አበባ ከፍታና ለጾም እንዴት ይስተካከል?

የዝንጅብል ሽታ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

እዚህ አሜሪካ የፈረንጆች ገና ሲቃረብ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ከሚቀርቡት ኩኪሶች ሁሉ እኔ አብልጬ የምወደው በሞላሰስ (ስኳር ሲመረት በሚተርፈው ጠቆር ያለ ወፍራም ሽሮፕ)፣ በዝንጅብል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ የሚሠራውን ነው። ላዩ የተሰነጣጠቀና ስኳር የተነሰነሰበት፣ ዳሩ ጠንከር ያለ፣ መሀሉ ግን በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ የሚል ሲሆን፣ በትክክል ከተጋገረ በማግስቱ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ይጣፍጣል። አዲስ አበባ የምትኖረው ታናሽ እህቴ በቤቷ ኬክና ብስኩት እየጋገረች በትእዛዝ ትሸጣለች። ዘንድሮ ይህንንም መሸጥ ስለፈለገች፣ እኔ የምሠራበትን መንገድ ጽፌ በሁለት ጉዳዮች ላይ ምክራችሁን ልጠይቅ አሰብኩ።

መጠኑ ይህ ነው። 280 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ 2 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ደረቅ ዝንጅብል፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አንድ ላይ ይነፋል። በሌላ ዕቃ 170 ግራም የለሰለሰ የገበታ ቅቤ ከ200 ግራም ቡናማ ስኳር ጋር ቀለሙ ፈካ እስኪል ይመታል፤ ከዚያም አንድ እንቁላልና 85 ግራም ሞላሰስ፣ ማለትም ሩብ ኩባያ ያህል፣ ይጨመርበታል። ዱቄቱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ነጩ ዱቄት ከዓይን እንደጠፋ ማማሰሉ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ሲታሽ ግሉተን የሚባለው የስንዴው ፕሮቲን እየጠነከረ ኩኪሱ የሚጎተት ይሆናልና። ሊጡ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ይቆይና በ40 ግራም እየተመዘነ ይድቦለቦላል፤ ስኳር ላይ ተንከባልሎ የመጋገሪያ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ተራርቆ ይደረደራል። ከዚህ መጠን 20 ያህል ኩኪስ ይወጣል። ኦቨኑ ቀድሞ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ መሆን አለበት፤ መጋገሪያ ጊዜውም ከ9 እስከ 10 ደቂቃ ነው።

በእኔ እምነት ልስላሴውን ከመጠኑም በላይ የሚወስነው ከኦቨን የሚወጣበት ሰዓት ነው። ዳሩ ረግቶ፣ መሀሉ ገና አብጦ፣ በስንጥቆቹ ውስጥ የሚታየው ሊጥ እርጥብና የሚያብለጨልጭ ሆኖ ሳለ፣ ያልበሰለ በሚመስልበት ጊዜ መውጣት አለበት። በጋለው ትሪ ላይ ለአምስት ደቂቃ ሲቀመጥ ያበጠው መሀል ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ስንጥቆቹ ይሰፋሉ፣ ውስጡም በትሪው ሙቀት በስሎ ያልቃል። መሀሉ እስኪደርቅ ኦቨን ውስጥ ከቆየ ጥሩ ብስኩት ይሆናል እንጂ ይህ ኩኪስ አይሆንም።

ጥያቄዎቼ ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ መጠኑ የተለካው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ላላለ አካባቢ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ምን ምን መቀየር እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ጾሙን ይመለከታል። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሚቆይ የዚህ ኩኪስ ወቅት ሙሉ በሙሉ ጾም ውስጥ ይወድቃል። ቅቤና እንቁላል ሲወጡ ልስላሴው አብሮ እንዳይሄድ ምን ይደረግ?


ጓዳና ሳይንስ (አዲስ አበባ)

እህታችን፣ አሠራሩን እንዲህ ዘርዝረው ስላቀረቡልን እናመሰግናለን። በሙያዬ የምግብ ሳይንስ ባለሙያ ስለሆንኩ ከመጀመሪያው ጥያቄ ልጀምር።

ምን እንደሚቀየር ለማወቅ በቅድሚያ ኩኪሱን ለስላሳ የሚያደርገው ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ነጭ ስኳር ኦቨን ውስጥ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይረጋል፤ በነጭ ስኳር ብቻ የተሠራ ኩኪስ ሲሰብሩት ቀጭ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ሞላሰስ ግን ከሱክሮስ (ከተራው ስኳር) በተጨማሪ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሌሎች የስኳር ዓይነቶች ስላሉት ስኳሩ መልሶ እንዲረጋ አይፈቅድም፤ ውሃንም ይዞ ያቆያል፣ ከአየር ላይ ሳይቀር እርጥበት ይስባል። በማግስቱ የተሻለ ይሆናል ያሉትም ከዚህ የሚመጣ ነው፤ እርጥበቱ ከመሀል ወደ ዳር እየተዳረሰ፣ ቅመሙም ከቅባቱ ጋር እየተዋሐደ ይሄዳል። ሞላሰስ አሲድነትም ስላለው ከቤኪንግ ሶዳው ጋር ተገናኝቶ ሊጡን የሚነፋውን ጋዝ ያወጣል። አሲዱን አጣፍቶ የሚተርፈው ሶዳ ደግሞ ቀለሙን ያጠቁረዋል፣ ላዩም እንዲሰነጠቅ ይረዳል። ስለዚህ በሶዳው ምትክ ቤኪንግ ፓውደር ብቻ የጨመረ ሰው ፈዘዝ ያለና ድቡልቡል ብሎ የቀረ ነገር ያገኛል።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውሃም ወደ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ ከቆላው ይልቅ በብዙ ይሰፋል። ኩኪሱ ገና ሳይረጋ አብጦ ይወድቅና እንደ ቂጣ ይዘረጋል፤ ውሃውም ቶሎ ስለሚተን የቀረው ስኳር መጠኑ የበዛ ያህል ይሆናል። የእኔ ምክር ሶዳውን ከ2 ወደ 1 ከሩብ የሻይ ማንኪያ ዝቅ ማድረግ፣ ስኳሩን በ25 ግራም መቀነስ፣ ዱቄቱን በ20 ግራም መጨመር፣ የኦቨኑን ሙቀት ደግሞ 190 ዲግሪ አድርሶ ኩኪሱን ከስምንተኛው ደቂቃ ጀምሮ መከታተል ነው። ሙቀቱ ከፍ የሚለው ሊጡ ከመዘርጋቱ በፊት ዳሩ እንዲረጋ ነው።


የአውሮራ ነዋሪ (ኮሎራዶ)

ወንድማችን በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በስኳሩ ላይ ግን አሳቤ የተለየ ነው። ዴንቨርና አውሮራ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ስለሚገኙ እዚህ የምንጋግር ሁሉ ከዚሁ ችግር ጋር ስንታገል ነው የምንኖረው። ኬክ ሲሆን ስኳሩን መቀነስ ግድ ነው። ለስላሳ ኩኪስ ላይ ግን ስኳሩ ራሱ የልስላሴው ምንጭ ስለሆነ፣ በተለይ ቡናማውን ስኳር የቀነሰ ሰው መዘርጋቱን አዳነ ማለት ቢችልም በሦስተኛው ቀን ደረቅ ኩኪስ ያገኛል። እኔ ስኳሩን ሳልነካ ሶዳውን ቀንሼ፣ ዱቄቱን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨምሬ፣ ሊጡን ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ አሳድራለሁ። የቀዘቀዘ ቅቤ ለመቅለጥ ጊዜ ስለሚወስድ ሊጡ ሳይዘረጋ ዳሩ ቀድሞ ይረጋል፤ ዱቄቱም ሌሊቱን እርጥበቱን በደንብ ይጠጣል። ሁለት ሰዓት ለሜሪላንድ ይበቃ ይሆናል፤ ለከፍታ ቦታ ግን አጭር ነው።

ሌላው፣ ዱቄቱን በኩባያ ሳይሆን በሚዛን መለካት ነው። ኩባያው ዱቄቱ ውስጥ ገብቶ ሲዛቅና በማንኪያ ሲሞላ የሚኖረው ልዩነት፣ እዚህ ለከፍታው ብለን ከምንጨምረው ዱቄት ይበልጣል።


ጓዳና ሳይንስ

የአውሮራዋ እህታችን ያነሱት ትክክለኛ ነጥብ ነው። ሊጡን ማሳደር የሚቻል ከሆነ ስኳሩ ባለበት ቢቆይ እመርጣለሁ፤ ትእዛዝ ደርሶ በዚያው ቀን መጋገር ግድ ሲሆን ግን 25 ግራሙ ቢቀነስ ይሻላል። የከፍታውም ልዩነት ቀላል አይደለም። ከአውሮራ እስከ አዲስ አበባ ሌላ ሰባት መቶ ሜትር ያህል ስላለ፣ እዚያ የሠራው ማስተካከያ እዚህ ላይበቃ ይችላል። እህትዎ ሊጡን በሙሉ ከመጋገሯ በፊት ሁለት ድቡልቡሎችን ብቻ ለሙከራ ብታስገባ፣ ከተዘረጉባት በቀረው ሊጥ ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ለማከል ጊዜ ይኖራታል።


የቦሌ ጋጋሪ (አዲስ አበባ)

እኔ ደግሞ ከሱቅና ከኦቨን በኩል ያለውን ልናገር፤ እህትዎን ዕለት ተዕለት የሚገጥማት እሱ ነውና።

በመጀመሪያ ስለ ሞላሰሱ። አገራችን ሞላሰስ አታጣም፤ ወንጂም፣ መተሐራም፣ ፊንጫም ስኳር ሲያመርቱ የሚተርፈው እሱ ነው፤ ፊንጫ ላይ ኤታኖል ይሠራበታል፣ ከብት የሚያደልቡም ከመኖ ጋር ይቀላቅሉታል። ነገር ግን ለመኖ ተብሎ በጀሪካን የሚሸጠው ለሰው ምግብ ተብሎ የተጣራና በንጽሕና የታሸገ ስላልሆነ ወደ ጓዳ መግባት የለበትም። እህትዎ ለሰው የምትሸጥ እንደመሆኗ በዚህ ላይ ምንም መደራደር አያስፈልግም። ከውጭ የሚላክላት ከሆነ፣ ብላክስትራፕ የሚባለውን ሳይሆን ቀለል ያለውን ይላኩላት። ብላክስትራፕ ስኳሩ በተደጋጋሚ ከወጣ በኋላ የሚቀረው የመጨረሻው ዝቃጭ ስለሆነ ምሬቱ ዝንጅብሉን ይውጠዋል። ያው ጠርሙስ ቡናማ ስኳርም ይሆናታል። ለ200 ግራም ነጭ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሞላሰስ ጨምራ በሹካ እስኪመሳሰል ብታሸው፣ ቡናማ ስኳር ፍለጋ ሱፐርማርኬት ለሱፐርማርኬት መዞር አይኖርባትም።

ጠርሙሱ ቢያልቅባት፣ ከሚያስፈልጋት ግማሹን ጠቆር ያለ ማር፣ ግማሹን ደግሞ ያረረ ስኳር ታድርገው። ስኳሩን በደረቅ ድስት ላይ አቅልጣ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ መልክ እስኪይዝ ጠብቃ፣ ድስቱን ከእሳት ካወረደች በኋላ ሙቅ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ፣ ፊቷን ራቅ አድርጋ ትጨምርበት፤ በኃይል ይንፈቀፈቃልና። ማሩ እርጥበቱንና አሲዱን፣ ያረረው ስኳር ደግሞ ቀለሙንና ለስለስ ያለውን ምሬት ይሰጣል። ማር ቶሎ ስለሚጠቁር ኦቨኑን በአሥር ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ጣዕሙ ከሞላሰሱ ጋር አንድ ነው አልልም፤ ልስላሴው ግን ይገኛል።

ቅቤው የገበታ ቅቤ ይሁን። የአገር ቤት ንጥር ቅቤ ውሃው ወጥቶ ያለቀ ከመሆኑም በላይ ኮሰረቱና ሌላው ቅመሙ ከቅርንፉዱ ጋር ይጣላል።

ብዙዎቻችን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ኦቨን ነው የምንጠቀመው። መደወያው 180 ቢልም ውስጡ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ውስጡ የሚንጠለጠል አነስተኛ ቴርሞሜትር መግዛት ከማንኛውም ዕቃ ይቀድማል። የታችኛው ብረት ለትሪው በጣም ቅርብ ስለሆነ፣ መሀሉ ሳይደርስ ታቹ የሚያር ከሆነ ሁለት ትሪ ደርቦ መጋገር ይረዳል።


ከነታንያ (እስራኤል)

ሞላሰስ ለማይገኝበት አገር አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ በየሱቁ ሲላን የሚባል የተምር ሽሮፕ አለ፤ በዓረብ አገሮች ያሉ እህቶቻችን ድብስ በሚለው ስሙ ያውቁታል። ከሞላሰስ ይልቅ ጣፋጭ ነው፣ ምሬት የለውም፤ ኩኪሱን ግን በጣም ለስላሳ ያደርገዋል። እኔ በሞላሰሱ ልክ ጨምሬው ስኳሩን በሁለት የሾርባ ማንኪያ እቀንሳለሁ፤ ዝንጅብሉን ከፍ አደርገዋለሁ።


ፍራንክፈርት

በጀርመን ደግሞ ዳቦ ላይ የሚቀባው የስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት) ሽሮፕ በማንኛውም ሱፐርማርኬት ይገኛል፤ ጠቆር ያለና ወፍራም ስለሆነ በሞላሰስ ምትክ በእኩል መጠን ይሠራል። እንግሊዝ ያሉ ወገኖቻችን ብላክ ትሪክል የሚባለውን ይጠቀሙ፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ ሞላሰስ የሚጠጋው እሱ ነው።


የቅመም ወዳጅ (አዲስ አበባ)

ስለ ቅመሙ ያልተባለ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው። ደረቅ ዝንጅብል መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ዝንጅብል ሲደርቅ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ይለወጥና ከእርጥቡ ይበልጥ የሚፋጅ ይሆናል፤ እርጥቡ ደግሞ ውሃ ይዞ ስለሚገባ ሊጡን ያላላዋል። ከሁሉም የሚበጀው ደረቅ ሥሩን ገዝቶ፣ ወቅጦና ነፍቶ ወዲያው መጠቀም ነው። ተፈጭቶ የከረመ ዝንጅብል ሽታው ስለሚሄድ ሰው ያንን ለማካካስ እጥፍ ይጨምርና ኩኪሱ አፈር አፈር ይላል። ቅርንፉዱ ግን ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አይለፍ፤ ምላስን የማደንዘዝ ባሕርይ ስላለው ሲበዛ ሌላውን ጣዕም ሁሉ ያጠፋዋል።

ኮረሪማ ቢገባበትስ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ራሴም እመልሳለሁ፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል ከሆነ ከሞላሰሱ ምሬት ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይስማማል። ፍሬውን ከቅርፊቱ አውጥቶ፣ ምጣድ ላይ ትንሽ አሙቆ መውቀጥ ያስፈልጋል። ከዱቄቱም ሩቡን፣ ማለትም 70 ግራሙን፣ በቀይ ጤፍ ዱቄት ብትተካው የጤፉ ጣዕም ከሞላሰሱ ጋር አብሮ ይሄዳል። ጤፍ ግሉተን ስለሌለው ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ኩኪሱ ይፈረካከሳል። እህትዎ ለሽያጭ የምታስብ ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ይህን ኩኪስ የራሷ የሚያደርገው እሱ ይመስለኛል።


ከቦስተን ሰሜን (ማሳቹሴትስ)

ሁለተኛው ጥያቄ እስካሁን አልተመለሰምና ከምኖርበት አካባቢ አንድ ምሳሌ ላምጣ። ማርብልሄድ የሚባል የባሕር ዳር ከተማ በአቅራቢያችን አለ። እዚያ ጆ ፍሮገር የሚባል ትልቅ የሞላሰስ ኩኪስ ይጋገራል፤ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ያገለገለው ጥቁር አሜሪካዊ ጆሴፍ ብራውንና ባለቤቱ ሉክሪሺያ በመጠጥ ቤታቸው ይሠሩት እንደነበር በከተማው ይነገራል። ዓሣ አጥማጆች ለረጅም ጉዞ ይዘውት የሚሄዱት እንዲሆን፣ በነባሩ አሠራሩ እንቁላልም ወተትም አይገባበትም። በሞላሰስ፣ በስብ፣ በቅመም፣ በሩምና በጨው ውሃ የሚሠራ ሲሆን ለብዙ ቀን ሳይደርቅ ይቆያል።

ይህን ያነሳሁት እንቁላል ለዚህ ኩኪስ ልስላሴ የግድ አስፈላጊ እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው። ሞላሰሱ በቂ ከሆነ እርጥበቱን እሱ ይይዛል። ለጾም ሲሆን ሞላሰሱን ከ85 ወደ 110 ግራም ከፍ ማድረግና በሩሙ ቦታ ሙቅ ውሃ መጠቀም ይቻላል።


የዝንጅብል ሽታ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ መኖው ሞላሰስ የተነገረውን ዛሬውኑ ለእህቴ ደውዬ ነግሬያታለሁ፤ ዋጋው ስለሚረክስ ሰዎች ሲጠቁሟት ነበርና በጊዜው ደርሶልናል። የጆ ፍሮገሩን ታሪክም አላውቀውም ነበር፤ ለጾሙ ትልቅ መንገድ ከፍቶልኛል። አሁን የቀረኝ የቅባቱ ጉዳይ ነው። ቅቤው ወጥቶ ፈሳሽ ዘይት ሲገባ ስኳሩን መምታት ስለማይቻል አየር አይገባበትም፤ ሊጡም ፍሪጅ ውስጥ ቢያድር አይጠነክርም። ምን ይሻላል?


ጓዳና ሳይንስ

ሁለት አማራጭ አለ። የአትክልት ማርጋሪን ከተገኘ በቅቤው ልክ 170 ግራም ይገባል፤ አሠራሩም አይለወጥም። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ተዋጽኦ ስላለበት፣ የታሸገበት ላይ የተጻፈውን ማንበብ ለጾመኛ ደንበኛ ያለባት ኃላፊነት ነው። ሁለተኛው የሚረጋው የፓልም ዘይት ነው። እሱ ሙሉ በሙሉ ቅባት ሲሆን የገበታ ቅቤ ግን ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ብቻ ነው ቅባት፤ ስለዚህ 135 ግራም ይበቃል፣ የጎደለውንም እርጥበት በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ መተካት ነው። አዲስ አበባ ሲቀዘቅዝ ረግቶ ስለሚገኝ ከስኳሩ ጋር ለመምታትም ይመቻል። ፈሳሽ ዘይት ብቻ ካለ ደግሞ 150 ሚሊ ሊትር ይግባና ዱቄቱ በ20 ግራም ይጨመር፤ ስንጥቁ ይቀንሳል፣ ልስላሴው ግን አይጎዳም።

ለእንቁላሉ ምትክ ከእኛ ጓዳ የማይጠፋው ተልባ አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ተልባ ተቆልቶ ሳይሆን ጥሬውን ተፈጭቶ፣ በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ለአሥር ደቂቃ ሲቆይ ይለጠልጣል፤ በአንድ እንቁላል ቦታ ይገባል። ከቦስተን ሰሜን የጻፉልን እንዳሉት ሞላሰሱን ከፍ ካደረገች ግን ተልባው ሊጡን ለማያያዝ ብቻ ስለሚፈለግ ግማሹ ይበቃታል። ሞላሰሱ ሲጨምር አሲዱም ስለሚጨምር ሶዳውን 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ታድርገው።


የቦሌ ጋጋሪ

ትእዛዝ ስለምትቀበል ስለ ማቆየቱም ላንሳ። ኩኪሱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ክዳን ባለው ዕቃ ከገባ እንፋሎቱ ላዩ ላይ ያለውን ስኳር ያቀልጠዋል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ክፍት ሆኖ መቆየት የለበትም፤ የአዲስ አበባ የበጋ አየር በጣም ደረቅ ነውና። ዕቃው ውስጥ አንድ ቁራሽ ነጭ ዳቦ አብሮ ከተቀመጠ ዳቦው ሲደርቅ እርጥበቱን ኩኪሱ ይወስደዋል፤ ዳቦውን በየሁለት ቀኑ መቀየር ነው።

መብራት ለሚጠፋበት ጊዜ ደግሞ እኔ የማደርገው ይህ ነው። ሊጡን ድቡልቡል አድርጌ፣ ስኳር ሳላነካው ትሪ ላይ ፍሪዘር አስገባና ሲጠነክር በፌስታል አድርጌ በደንብ እቋጥረዋለሁ፤ ሁለት ሦስት ወር ያለ ችግር ይቆያል። ትእዛዝ ሲመጣ የሚፈለገውን ያህል ብቻ አውጥቶ፣ ላዩ ትንሽ ላብ እስኪያወጣ ጠብቆ ስኳሩ ላይ ማንከባለልና በረዶው ሳይለቅ መጋገር ነው፤ ሰዓቱ ላይ ሁለት ደቂቃ ያህል ይጨመርበታል። ኦቨን ውስጥ እያለ መብራት ከጠፋባትም በሩን ሳትከፍት አምስት ደቂቃ ያህል ትተወውና ዳሩን በጣቷ ነካ ታድርገው፤ ረግቶ ከሆነ አውጥታ ትሪው ላይ ታቆየው፣ የቀረውን ሙቀቱ ይጨርሰዋል።